አስፋልት መሀል ለቆሙት ፈረሶችና አህዮች መጠለያ እንሥራላቸው

ውድ የደብረ ብርሃን ልጆች፣ እዚህም በውጭም ያላችሁ፤

ቀትር ላይ በከተማችን ዋና መንገድ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። አስፋልቱ መሀል አጥንቱ የወጣ ፈረስ ይቆማል፤ ጥሩንባ ቢነፉበትም አይነቃነቅም። ብዙዎቻችን "ደንዝዟል" ብለን እናልፈዋለን። የተጣሉ ፈረሶችንና አህዮችን ስንንከባከብ የሚረዳን የእንስሳት ሐኪም ግን ነገሩን ሌላ አድርጎ አስረዳን። ጀርባው ቆስሏል፣ ዝንብ ፋታ ነሥቶታል፣ የሚያልፈው መኪና ነፋስ ዝንቡን ለጥቂት ጊዜ ያባርርለታል። እዚያ የሚቆመው ለዚያ ነው። ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ።

ባለፈው ኅዳር ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት አህያ አገኘን። ውርጩ ገና አልለቀቀም ነበር፤ አንድ የኋላ እግሯን አንጠልጥላ ቆማለች። ቁስሉን በጨው ውሃ ስናጥበው ከሥጋው ውስጥ ሰማያዊ ክር ብቅ አለ። የናይለን ገመድ ነበር። ውርንጭላ ሳለች አስረዋታል፤ እግሯ ሲወፍር ገመዱን ያላላላት ሰው አልነበረም፣ ሥጋው በላዩ ላይ አድጎ ውጦታል። ሐኪሙ ቆርጦ እስኪያወጣው ድረስ አንዴም አልተራገጠችም። ጆሮዋን ጥላ፣ ግንባሯን ደረቴ ላይ አስደግፋ ቆመች። ያን ቀን የተሰማኝን ዛሬም በቃላት ልገልጸው አልችልም።

አሁን እንደ እሷ ያሉ ሰባት እንስሳት በእጃችን አሉ፦ አራት አህዮችና ሦስት የጋሪ ፈረሶች። ያሉት በሦስት አባሎቻችን ግቢ ውስጥ ተጨናንቀው ነው። ጎረቤቶቻችን ብዙ ታግሠውናል፤ ከዚህ በላይ ማስቸገር አንችልም።

ባለቤቶቹን መርገም ቀላል ነው። እኛም ስንጀምር እንረግም ነበር። ቀርበን ስናወራቸው ግን አብዛኛው ገጣባ የሚመጣው ከጭካኔ ሳይሆን ከጭነት ሥር የሚነጠፍ መደላድል ከማጣት ሆኖ አገኘነው። ገመዱና እንጨቱ ባዶ ጀርባ ላይ ያርፋል፣ ቆዳው ይላጣል፣ በማግስቱም ያው ጭነት ይጫናል፤ የዕለት እንጀራ ነውና። ባጃጅ ገበያውን ከወሰደው ወዲህ ደግሞ ያነከሰ ፈረስ መቀለብ ያቃተው ባለጋሪ አንድ ማታ ልጓሙን አውልቆ ይለቀዋል። አንዱ ባለጋሪ ፈረሱ ያለበትን በሰው ሰው ሰምቶ መጣ፤ ደጃፋችን ላይ ቆሞ አለቀሰ። ስለዚህ ከምንሰበስበው ገንዘብ የተወሰነው ለባለቤቶቹ ይውላል፦ ጭድ የተሞላ መደላድል አሰፋፍ ለማሳየት፣ ቁስል ሳይብስ ወደ ሐኪም እንዲያመጡ ለማገዝ።

አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ አልቀበልም ብሎ አዘግቶታል። የካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወሰኑ። ደስ ብሎናል። ነገር ግን ከቄራ የተረፈችው አህያ ከከተማ ዳር በጅብ ስትበላ ዝም ካልን፣ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን ነበር?

አንድ አባት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ መሬታቸውን ለአምስት ዓመት በነፃ እንድንጠቀምበት ፈቅደውልናል፤ ውሉ ተፈርሟል። ድንጋይ የእድራችን አባላት አዋጥተዋል፣ ጉልበቱም ከእኛው ነው። የጎደለን ለምሰሶና ለማገር የሚሆን 120 ባሕር ዛፍ፣ 40 ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ጅብ ከሥሩ ቆፍሮ እንዳይገባ መሠረቱ በሲሚንቶ የተያዘ አጥርና አንድ የውሃ ገንዳ ነው። ከሁሉ የሚያስቸኩለው ድርቆሹ ነው። አሁን ጥር ላይ ክምሩ ሳያልቅ ካልገዛን፣ ክረምት ሲቃረብ ዋጋው አይቀመስም። ጣሪያውም ዝናብ ሳይገባ ማለቅ አለበት። ከዚያ የፉርሽካ፣ የቁስል መድኃኒት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና የአንድ ዘበኛ ደሞዝ ወጪ ይቀጥላል።

ገንዘቡን የሚይዘው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ወጪውም በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባል። ውጭ አገር ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ማድረስ ትችላላችሁ። ብዙዎቻችሁ የጠጣችሁትን ውሃ፣ እናቶቻችሁ ገበያ አውጥተው የሸጡትን ኩበትና እህል የተሸከመችው አህያ እንደነበረች እናንተው ታውቃላችሁ። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ብቻ ብታዋጡም ለእኛ ትንሽ አይደለም። ብር የሌለው ጆንያ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ ያምጣልን፣ መደላድል እንሰፋበታለን።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የአጥሩን መሠረት እንቆፍራለን፤ ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። አህያይቱም እዚያው ትሆናለች። ልጆቻችሁን አምጡና ያግኟት፤ ብቻ ከፊት ለፊቷ ይቅረቧት እንጂ ከኋላዋ አይምጡባት። እግሯን ሰው እንዲነካባት ገና ትፈራለች።