ከአምና ጋር ብቻ ከተለካ ጣና ምንጊዜም ደህና ነው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ስለ ጣና ሐይቅ የምታወጡትን ዜና አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ግድ ነው። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይከነክነኛል። የዓሣ ምርት ጨመረ ስትሉ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር» ትላላችሁ። እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም ቀነሰ ስትሉም ያው ነው። ጎብኚ ጨመረ ሲባልም እንደዚያው። እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርትም ከዚች አነጋገር አይወጣም። አምና ራሱ እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር የሚጠይቅ ግን የለም። አምና ከካቻምና የባሰ ቢሆንስ? ካቻምናስ ከዚያ በፊት ከነበረው? በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍ፣ ግማሹ ሲያልቅ አንድም ቀን ዜና ሳይሆን ነው የሚያልቀው።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። ዳንኤል ፖሊ የሚባል የዓሣ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 በአንዲት አጭር ጽሑፍ አንሥቶታል። እያንዳንዱ የባለሙያ ትውልድ ሥራ በጀመረበት ዘመን ያገኘውን የዓሣ መጠን እንደ መነሻ ይይዛል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጠፋውን የሚያሰላው ከዚያ መነሻ ነው። የሚተካው ወጣት ደግሞ ከተመናመነው ይጀምራል። ከእሱ በፊት የጠፋው በእሱ ሒሳብ ውስጥ የለም። ከአሥር ዓመት በኋላ በሜክሲኮ፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሚሠሩ የሦስት ትውልድ ዓሣ አጥማጆች ተጠየቁ። ሽማግሌዎቹ «ድሮ ሞልቶ ነበር፣ ዛሬ የለም» ያሏቸው የዓሣ ዝርያዎች ወጣቶቹ ከቆጠሩት አምስት እጥፍ ሆኑ። ባሕሩ አንድ ነው፣ ሥራውም አንድ ነው። የሚለየው ዕድሜ ብቻ ነው።

ፍሎሪዳ ውስጥ ኪይ ዌስት የምትባል ከተማ አለች። ዓሣ ለማጥመድ የሚመጡ ጎብኚዎች ከጀልባ ሲወርዱ የያዙትን ሰቅለው ፎቶ ይነሣሉ። አንዲት ተመራማሪ እነዚህን ፎቶዎች እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 2007 አሰባስባ ዓሦቹን ለካች። መጀመሪያ ላይ አንዱ ዓሣ በአማካይ 20 ኪሎ ገደማ ነበር። መጨረሻ ላይ 2.3 ኪሎ ሆነ። የሰዎቹ ፈገግታ ግን ያው ነው፤ የኋለኞቹም ልክ እንደ ፊተኞቹ ደስ ብሏቸዋል። ምን ጎደለብን ብለው ይዘኑ?

ወደ እኛው ልመለስ። ሰሞኑን ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወርጄ ነበር። ፊሌ የሚያወጣው ልጅ ሃያም የሞላው አይመስልም። አንዲት ነጭ ዓሣ አንሥቶ «ይቺን ውሰዳት፣ ትልቅ ናት» አለኝ። ከክርኔ እስከ እጄ አንጓ ብትደርስ ነው። አጠገቡ መረብ የሚጠግኑ አዛውንት ሳቁ። «ትልቅ?» አሉና ግራ እጃቸውን ዘርግተው በቀኛቸው ከጣታቸው ጫፍ እስከ ብብታቸው ድረስ አሳዩን። ልጁ «አባባ ደግሞ ሲያጋንኑ!» ብሎ ወደ ቢላዋው ተመለሰ። ሁለቱም አልዋሹም። ልጁ ካየው ዓሣ ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። አዛውንቱ ካዩት ጋር ግን ገና ጫጩት ናት።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት ዓሣ እንዳልሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከአሥር በላይ ዝርያ አለው። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ የዚህ ዓይነት የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ እሱ አለቀ። የቀረው የእኛው ነው። እነዚህ ዓሦች ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። አስጋሪው ይህን ያውቃል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከዘረጋ ሌላ ድካም የለበትም። ድሮ ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ በደንገል ታንኳ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ነበር የሚያጠምዱት። በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በአሥር ዓመቱ መጨረሻ የያዙትን ሲያወዳድሩ፣ ወደ ወንዝ ከሚወጡት ነጭ ዓሦች ሦስት አራተኛው ያህል ጠፍቶ አገኙ። አሥር ዓመት እኮ ነው! ፊሌ የሚያወጣው ልጅ የተወለደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የጢስ ዓባይ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ዓይን ፊት የሆነ ነው። ፏፏቴው 45 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ላይ ጨረጨራ የሚባለው የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ መጣና የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ወሰደ። መብራት አያስፈልግም የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። መብራት ሲጠፋ ቀድሜ የማማርረው እኔ ነኝ። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ዛሬ በጋ ላይ ፏፏቴውን ሊያይ የመጣ ሰው ቀጭን ጅረት አይቶ ፊቱ ሲጠቁር፣ አስጎብኚው ረጋ ብሎ «አሁን እኮ ወቅቱ አይደለም፤ ክረምት ነው የሚያምረው» ይለዋል። ልጁ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው። በእሱ ዕድሜ ፏፏቴው የክረምት ነገር ነው። የሰው ውሳኔ የነበረው ነገር በሃያ ዓመት ውስጥ የተፈጥሮ ጠባይ ሆኖ ቁጭ አለ።

የድሮው አንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ጢስ ዓባይ እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አሁን አንድ ብር ሳንቲም ሆኗል። ከፏፏቴው ቀጥሎ ሥዕሉም ከኪሳችን ወጣ ማለት ነው።

ሐይቁ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። መርከብ ለወራት ቆመ። ብዙ ደንገል ደረቀ። ውሃው ሲርቅ ገበሬው እየተከተለ የባሕር ሸሽ መሬቱን አረሰ። በገበሬው አልፈርድም፤ መሬት ከየት ያምጣ? ግን ያኔ የተሸነሸነው መሬት ዛሬ የአባት ርስት ተብሎ ይወራል። ደንገል ነበረበት ብትሉት የሚያምናችሁ ወጣት አይኖርም። የፎገራን ሜዳም ተመልከቱ። ዛሬ ፎገራ ሲባል ሩዝ ነው። ሩዝ እዚያ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት ፎገራ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። ሩዙ ብዙ ቤተሰብ ከችግር አውጥቷል፣ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከብቱ የሚግጥበት፣ ወፉ የሚያርፍበት ረግረግ ምን ያህል እንደነበር ሳያውቅ ያደገ ሰው፣ ምን ሰጥቶ ምን እንደተቀበለ አያውቅም።

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያኔ ምን ያህል ደንግጠን እንደነበር አስታውሱ። ከየከተማው ሰው እየተጫነ መጣ፣ ገበሬው ወገቡ እስኪቀጠን በእጁ ነቀለ፣ ማሽን ተገዛ፣ መዋጮ ተሰበሰበ። አሁንስ? የጎረቤቴ ልጅ ጣናን ሣዪ ተብላ በትምህርት ቤት ሣለች። ታንኳ አለ፣ ገዳም አለ፣ ጉማሬ አለ። ዳርቻው ላይ ዙሪያውን ሐምራዊ አበባ ደርድራበታለች። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «የጣና አበባ» አለች። ምን ልበላት? አበባው እንደሆነ ያምራል። እሷ ጣናን ያለ እምቦጭ አይታው አታውቅም። ሥዕሉ ዐሥር ከዐሥር ተሰጥቶታል።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ሰውዬ ድሮ ድሮ እያለ ሊያደክመን ነው» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፣ ትዝታም ይዋሻል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ፎቶዎቹ የተነሡበት ቦታ ላይ ቆመው እንደገና አነሡ። ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ በብዙዎቹ ቦታዎች ዛሬ ያለው ዛፍ ከያኔው በልጦ ተገኘ። አንዱ ባሕር ዛፍ ነው፣ አንዱ በእርከንና ከንክኪ በተከለለ ተራራ ላይ የበቀለ ነው። እኛ ግን አያቶቻችን በደን ውስጥ ይኖሩ እንደነበር ስንሰማ ነው ያደግነው። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያልሰማ የለም። በጊዜው ማን ለክቶት? ማንም። አዲስ አበቤውስ ቢሆን እንጦጦን ያለ ባሕር ዛፍ ሊያስበው ይችላል? ዛፉ ግን ከአውስትራሊያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

ስለዚህ የምለው ሽማግሌ ያለውን ሁሉ እመኑ አይደለም። ሽማግሌው የተናገረው ይጻፍ፣ ከፎቶውና ከመዝገቡ ጋር ይተያይ ነው የምለው። መዝገብ ደግሞ የለንም አይባልም። የሐይቁ ውኃ ከፍታ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ይለካል። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ዳንግላ ይቀመጥ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን የጣናን ዳርቻ ዞሮ ያየውን ጽፏል። የምርምር ማዕከላት መደርደሪያ ላይ በ1990ዎቹ የተሠሩ የዓሣ ጥናቶች አሉ። የሚጎድለው እነዚህን ከዛሬው ዜና ጋር አንድ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ያ ደግሞ የጋዜጠኛ ሥራ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። የዓሣ ምርት በዚህን ያህል ቶን ጨመረ የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ምን ያህል ነበር? ከየትኛው ዝርያ? ቶኑ እኮ ሊያታልል ይችላል። ነጭ ዓሣው አልቆ ቀረሶ የሚባለው ሌላው ዓሣ ቢበዛ ድምሩ ላይ ምንም አይታይም። መረቡ በእጥፍ ጨምሮ ዓሣው ያው ቢሆንም ድምሩ አይናገርም። ኃላፊው «ሐይቁን ወደ ቀድሞ ይዞታው እንመልሳለን» ሲል ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን ጠይቁት። የ1995ን ነው? የ1970ን ነው? ዓመት የሌለው ዕቅድ ማንም ሊጠይቅበት አይችልም። ዕቅድ አውጪውም ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

ሌላው ፎቶ ነው። ባሕር ዳርና ጎንደር ውስጥ የሠርግ አልበም ያለው ቤት ሁሉ ጢስ ዓባይ ወይም ጣና ዳር የተነሣ ፎቶ አያጣም። ሙሽሮቹ ከፊት ናቸው፣ ሚዜዎቹ ይተሻሻሉ፣ ከኋላ ውሃው አለ። እስከ ዛሬ ከፊት ያሉትን ነው ስናይ የኖርነው። በየሳምንቱ አንድ እንደዚህ ያለ ፎቶ ከዓመቱና ከወሩ ጋር ብታወጡ፣ ዘጋቢያችሁ ደግሞ በዚያው ወር እዚያው ቦታ ቆሞ አንድ ቢያነሣ፣ ከብዙ ዐውደ ጥናት የተሻለ ሥራ ይሆናል። ወሩ ግድ ነው። ነሐሴን ከጥር ጋር እያወዳደራችሁ እንዳታጣሉን።

እኔ ዘንድ አንድ አለ። አጎቴ ከጓደኞቻቸው ጋር ጢስ ዓባይ ፊት ለፊት የተነሡት ነው። ጀርባው ላይ «ታኅሣሥ 1981 ዓ.ም.» ይላል። በጋ ነው፤ ውሃው ግን በሦስት በአራት ቦታ ተከፍሎ ይወርዳል። ጠርዙ ትንሽ ተቀዶ እንደሆነ እንጂ ደህና ይታያል። በስካን ልላከው ወይስ ዋናውን ላምጣው? በሚቀጥለው ዕትም ብታሳውቁን ሌሎችም የሚያመጡ አሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር