የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ተነስቷል፤ እባካችሁ፣ ቆርቆሮ

ወገኖቻችን፣ እንደገና እኛው ነን፣ የወፍጮ ቤቱ ኮሚቴ። ለልመና ስንመጣ ይህ ሦስተኛችን ነው። ሰልችቷችኋል፤ እኛንም ሰልችቶናል።

ባለፈው ሳምንት ንፋስ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ መተከል ዞን ያለውን የድባጤውን ወፍጮ ቤት ጣሪያ ገነጠለው። ግማሹ ቆርቆሮ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ተጨማዶ ተገኘ። ሞተሩ የተረፈው ሴቶቹ በዝናብ ሮጠው ሸራ ስላለበሱትና ጠርዙን በድንጋይ ስለጫኑት ነው።

ታሪኩን ለእናንተ አንነግርም። ህዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት ታጣቂዎች ድባጤ ላይ በመንገደኞች አውቶቡስ ላይ ያደረሱትን ሁላችንም እናውቃለን። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ያኔ የሟቾች ቁጥር ቢያንስ 34 ነው፣ ሊጨምርም ይችላል አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ የቡለን ወረዳዋ በኩጂ ቀበሌ ተከተለች፤ ከ100 በላይ ሰው ተገደለ። ከዚያ ስደት ወደ ቻግኒ፣ የተፈናቃዮች ራንች መጠለያ፣ የሸራ ቤት። ወፍጮውን የተከልነው ከዚያ ኑሮ ለተመለሱና የቤታቸውን አባወራ ላጡ እናቶች ነው።

«ገንዘቡ ለአበል አለቀ» የሚል ወሬ ሰምተናል። አንድም ሰው አበል አልወሰደም። የናፍጣ ሞተር ለምን ገዛችሁ ላላችሁን፣ መብራት ሲጠፋ ወፍጮው እንዳይቆም ብለን ነው። ብዙ የወጣው ለጭነት ነው፤ መንገድ ተዘግቶ መኪናው ቆሞ የዋለበትን ቀን ሁሉ ከፍለናል። ደረሰኙ አለ፣ መጥታችሁ እዩ። የጣሪያው ማገር ግን ቀጭን ነበር። እዚያ ላይ ለመቆጠብ ሞከርን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ወፍጮው ግን ሠርቷል። ባሏ ከዚያ አውቶቡስ ያልተመለሰላት እናት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ ዱቄት በዱቄት ሆና፣ ኪሎውን በልጇ ደብተር ላይ ስትመዘግብ አይተናል። እህል ይዞ የመጣ ብሔሩ አይጠየቅም። ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ አማራውም፣ አገውም፣ ኦሮሞውም ይሰለፋል። ጠብ ካለ በወረፋ ነው።

አሁን የሚያስፈልገን ቆርቆሮ፣ ወፈር ያለ ማገርና የአናጢ ዋጋ ነው። ለክርስቲያኑ ምጽዋት፣ ለሙስሊሙ ሰደቃ ነው። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ከከበዳችሁ ለሦስት ሆናችሁ አዋጡ።

የሒሳብ ቁጥሩ የኮሚቴው ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ አለ። በድጋሚ፦ ማኅተም ባለበት። ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ነው፤ ሦስት ሰው ካልፈረመ ብር አይወጣም። በግል ስም የተላከላችሁ ቁጥር ካለ የእኛ አይደለም፣ እባካችሁ አታስገቡ። ስታስገቡ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፣ ደረሰኙንም ለገንዘብ ያዣችን አሳዩ። ሞተሩ አሁንም ሸራ ስር ነው።