ሬዲዮውን ከመግዛትህ በፊት

ውድ ወዳጄ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስንት ወር እንዳለፈ አውቃለሁ። ሰበብ አልደረድርልህም፤ ይቅር በለኝ። ስለ ዝምታው ደግሞ... እሱን ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን ያስቸኮለኝ ለመኪናህ ዲጂታል የአማተር ሬዲዮ (ፈቃድ ያላቸው ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን) ልትገዛ ነው ሲሉኝ ነው። አንተ ደግሞ ዓይንህ አንድ ነገር ላይ ካረፈ የሚመልስህ የለም፤ ሳትቀድመኝ ልጻፍ ብዬ ነው።

የምፈራው ዋት እያየህ እንዳትመርጥ ነው። የያኤሱ ኤፍቲኤም-500ዲም፣ የአይኮም አይዲ-5100ም፣ የኤኒቶን ኤቲ-ዲ578ዩቪም 50 ዋት አካባቢ ያወጣሉ። በአናሎግ ኤፍኤም ሦስቱም ይግባባሉ። በዲጂታል ግን የመጀመሪያው ሲስተም ፊውዥን፣ ሁለተኛው ዲ-ስታር፣ ሦስተኛው ዲኤምአር ስለሆነ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ስለዚህ ከሬዲዮው በፊት መንገድህ ላይ ያሉት ሪፒተሮች (ሲግናልን ተቀብለው ወደ ሩቅ የሚያሻግሩ ጣቢያዎች) በየትኛው ሞድ (የአላላክ ዘዴ) እንደሚሠሩ እወቅ። ሪፒተር በሌለበት ሞድ ላይ ያወጣኸው ገንዘብ እንዲሁ ይቀራል።

ፊውዥን ካለ ሥራው ቀላል ነው። የጥሪ ምልክትህን (የፈቃድ መለያህን) አንዴ ታስገባለህ፤ ኤኤምኤስ የሚሉት መራጭ የመጣው አናሎግ ይሁን ዲጂታል ራሱ ለይቶ ይከተላል። ከሁለቱ የዲጂታል ድምፅ አላላኮች በዲኤን ሞድ ላይ ተወው። ሌላው፣ ቪደብሊው፣ ድምፁ ይበልጥ ያምራል፤ ሆኖም ስህተት ማረሚያው አነስተኛ ስለሆነ ሲግናል ሲደክም ቀድሞ ይቆራረጣል፣ መኪና ደግሞ ሁልጊዜ ተንቀሳቃሽ ነው።

ዲ-ስታር የጃፓን አማተሮች ማኅበር ያወጣው ነው። በሰከንድ ከሚልካቸው 4800 ቢቶች 2400ው ድምፅ፣ 1200ው ስህተት ማረሚያ፣ 1200ው ዳታ ነው። በኢንተርኔት ወደ ሌሎች ሪፒተሮች ለመሻገር የጥሪ ምልክትህን ጌትዌይ (ሪፒተሩን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው) ላይ ማስመዝገብ አለብህ። የሪፒተሩን የጥሪ ምልክት በእጅህ የምትሞላ ከሆነ የሞጁሉ (የሪፒተሩን ባንድ የሚለየው) ፊደል 8ኛው ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ባዶ ቦታ ካጎደልክ ሪፒተሩ አይመልስልህም። በዲአር ሞድ ሬዲዮው ውስጥ ካለው የሪፒተሮች ዝርዝር ብትመርጥ ግን ሬዲዮው ራሱ ይሞላልሃል። የ5100 መቆጣጠሪያ ስክሪን ከዋናው አካል ተለይቶ እንደሚሰቀልም አትርሳ፤ ሁለት ቦታ ታዘጋጃለህ።

ልቤ ያለው ግን ዲኤምአር ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የምፈራልህም እሱን ነው። 12.5 ኪሎኸርዝ ቻናሉን በየ30 ሚሊሰከንዱ እየቆራረጠ ለሁለት ስሎት (ተራ) ያካፍለዋል፤ በአንድ ሪፒተር ሁለት ወሬ ባንድ ጊዜ ይሄዳል። ሬዲዮህ የሚያስተላልፈው በተራው ብቻ ስለሆነ በኤፍኤም የሚሞቀውን ያህል አይሞቅም። ችግሩ ኮድፕላጉ፣ ማለትም ሬዲዮው ላይ የሚጫነው የቅንብር ፋይል ነው። ባለ7 አኃዝ መለያ ቁጥር ታወጣለህ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቻናል ፍሪኩዌንሲ፣ ከ0 እስከ 15 የሆነ ከለር ኮድ (የሪፒተሩ መለያ)፣ ስሎትና ቶክግሩፕ (የጋራ መነጋገሪያ ቡድን) በኮምፒውተር ትሞላለህ። በመጀመሪያው ቀን 4000ውንም ቻናል ልሙላ እንዳትል፣ አውቅሃለሁና። በአንድ ሪፒተርና በሁለት ቶክግሩፕ ጀምር።

የሚያናድደው ነገር ይኸውልህ፦ አረንጓዴው መብራት ይበራል፣ የሲግናል መለኪያው ሙሉ ነው፣ ድምፅ ግን የለም። ስፒከሩን አትፍታ። ዲጂታል ሞኒተሩን (ያልመረጥከውን ቶክግሩፕም የሚያሰማውን) በሁለቱም ስሎት ክፈተው። ድምፅ ከመጣ ጥፋቱ ወይ ስሎቱ ነው፣ ወይ ቶክግሩፑን መቀበያ ዝርዝር ውስጥ አላስገባኸውም። አሁንም ዝም ካለ ከለር ኮዱን ፈትሽ። የራስህን ድምፅ መስማት ስትፈልግ፣ ሪፒተሩ ብራንድማይስተር (ሪፒተሮችን በኢንተርኔት የሚያገናኝ መረብ) ላይ ከሆነ ወደ 9990 በግል ጥሪ ተናገር፤ የተናገርከውን መልሶ ያሰማሃል። ማይኩን ከአፍህ 5 ሴንቲሜትር ያህል አርቀህ፣ ሳትጮህ።

ኤሌክትሪኩን እንዳትንቀው። ሲያስተላልፍ 12 አምፔር ያህል ይስባል፤ ከሲጋራ መለኮሻው አታገናኘው። ባትሪው 3 ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው 6 ሜትር ነው፦ በ1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 1.2 ቮልት ገደማ ይጠፋብሃል፣ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ግን 0.3 ብቻ። ፒቲቲ (የመናገሪያውን ቁልፍ) ስትጫን ሬዲዮው ጠፍቶ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርገው። የመኪናህ ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ የባትሪ መቆጣጠሪያ ሴንሰር ካለ ኔጌቲቩን ምሰሶው ላይ ሳይሆን ቦዲው ላይ እሰረው።

አንቴናው ጣሪያው መሀል ይሁን፤ ለ2 ሜትር ባንድ ሩብ ሞገዱ 49 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኤስደብሊውአሩን (አንቴናው ከሬዲዮው ጋር ምን ያህል እንደተጣጣመ የሚያሳየውን) ሬዲዮው በሚሠራባቸው በሁለቱም ባንዶች ለካ፣ ከ1.5 በታች ይሁንልህ። በኤፍኤም ሲግናል ሲደክም ሽሽሽ የሚለው ጫጫታ እየጨመረ ያስጠነቅቅሃል። ዲጂታል ግን እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆይና ቃላቱን ጥቂት በጣጥሶ ድንገት ይጠፋል፤ የደካማ አንቴናን ጥፋት የምታውቀው ከዘገየ በኋላ ነው።

ሪፒተር ጨርሶ ከሌለ ሆትስፖት (ሬዲዮህን ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ትንሽ የግል መሣሪያ) አለ። ኃይሉ 10 ሚሊዋት ያህል ስለሆነ አጠገብህ ስታስቀምጠው ሬዲዮህን ዝቅተኛው ዋት ላይ አድርግ። ዲኤምአርና የፊውዥን ዲኤን ሞድ አንድ ዓይነት የድምፅ መጭመቂያ ስለሚጠቀሙ ሆትስፖቱ ድምፁን ሳይነካው ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። ዲ-ስታር ከዚህ ውጭ ነው። ሁለት ሐሳብ ላይ ሆነህ ካደርክ ይህን አስብበት።

እስካሁን ካልገዛህ የሪፒተሮቹን ዝርዝር ላክልኝ፤ ሞዱን፣ ከለር ኮዱንና ስሎቱን ጨምረህ። ከገዛህም ንገረኝ፣ አልቆጣም። ዲኤምአር ከሆነ የመጀመሪያውን ኮድፕላግ እኔ እሠራልሃለሁ። የዚህኛው መልስ ወር አይፈጅም።

ወዳጅህ