ጨጓራ ከተቆረጠ በኋላ ስላለው ኑሮም ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሕክምናው ለእነማን እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚሠራ በሚገባ የተብራራበት በመሆኑ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። ሆኖም ጽሑፉ ታካሚዋን ከሆስፒታሉ በር አድርሶ ይመለሳል፤ ቤቷ ገብታ ምን እንደምትበላ፣ ማን እንደሚከታተላት፣ ዘመድና ጎረቤት ምን እንደሚላት አንድም ቃል የለበትም። እኔ ይህንኑ ኑሮ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሦስት ዓመት ገደማ የኖርኩ መምህርት በመሆኔ፣ የቀረውን ለማከል ያህል ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ስሊቭ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ያኔ ክብደቴ 118 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሴንቲ ሜትር ስለነበር፣ ሐኪሞች ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽሩበት ስሌት 45 ላይ ደርሼ ነበር። ስኳርና ደም ግፊትም ነበረብኝ። በስሊቭ ከጨጓራው ከሦስት አራተኛ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ቱቦ የቀጠነ ሆኖ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ይይዛል። በእኛ ቤት መስፈሪያ ሁለት የቡና ሲኒ መሆኑ ነው። ተቆርጦ በሚወጣው ክፍል ውስጥ ርሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት ይመነጭ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ርሃብ የሚባል ነገር መኖሩን ራሱ ረስቼው ነበር። ስኳሬም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለወረደ መድኃኒቴ ተቀነሰ፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህን ሳያውቅ በድሮው መጠን ቢቀጥል ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልኝ ሐኪም ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። እኔስ አንብቤ ይገባኛል፤ ምግቤን የምታዘጋጅልኝ ግን እናቴ ናት፤ እሷ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ወረቀቱ ውስጥ እንጀራ የለም፣ ሽሮ የለም፣ በሶ የለም፣ ጾም የሚል ቃልም የለም። ስለዚህ እናቴ የምታውቀውን አደረገች። ከሆስፒታል የወጣ ሰው የሚጠገነው በአጥሚት ነውና፣ በዘጠነኛው ቀን ማሩ የበዛበት፣ ቅቤው ከላይ የሚንሳፈፍ አጥሚት በትልቅ ኩባያ ይዛልኝ መጣች። ፊቷን አይቼ እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ሩቡን ያህል ጠጣሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፣ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ፣ ሆዴን ቆርጦኝ ወደ መጸዳጃ ቤት በግድግዳ ተደግፌ ሄድኩ። ሐኪሞች ይህን ዳምፒንግ ይሉታል፤ ጣፋጭ ነገር ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ በአንድ ጊዜ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ የሚመጣ ነው። ባይፓስ የሚባለው ሌላው ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም ጨጓራ ተከፍሎ ትንሹ ክፍል በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚገናኝበት፣ የተደረገላቸውን ይበልጥ ያስቸግራል እንጂ በስሊቭም ይደርሳል። እናቴ ያን ቀን ያለቀሰችውን ልቅሶ አልረሳውም፤ ልጄን በእጄ ልገድላት ነበር ብላ ለሳምንት እህል አልቀምስ አለች። አንድ የአማርኛ መስመር ይህን ሁሉ ባስቀረው ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔና እናቴ ወረቀቱን ቁጭ ብለን ተረጎምነው። ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ፣ ቀጥሎ የላመ፣ ቀጥሎ ለስላሳ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ደረቅ ምግብ። መጠጥና ምግብ አብረው አይወሰዱም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ያስፈልጋል። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ መግባት ቢኖርበትም ጥሜን በአንድ ትንፋሽ መቁረጥ ስለማልችል፣ ከማለዳ እስከ ማታ በጉንጭ በጉንጭ ስጎነጭ እውላለሁ። ሲኒው መለኪያችን ሆነ። እናቴ የላመ ምስሯን በሲኒ ሰፍራ ታቀርብልኛለች፤ እኔ በሻይ ማንኪያ ሃያ ደቂቃ እፈጅበታለሁ።

ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ ዐቢይ ጾም ገባ። ይህን ጉዳይ ጠለቅ ብዬ ላንሣው የምፈልገው፣ በሰሜን ሸዋ ይህን ሕክምና የሚያደርግ አብዛኛው ሰው የሚገጥመው በመሆኑ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰውነት ስብን ብቻ ሳይሆን ጡንቻንም እንዳያቀልጥ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይሰጣል፤ በፍስክ ጊዜ ቁጥሩ በመከራም ቢሆን ይሞላል። በጾም ግን የቀረን ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር የሚሰጠው 9 ግራም ያህል ስለሆነ፣ 60 ለመሙላት ከ650 ግራም በላይ መብላት ሊኖርብኝ ነው፤ ሁለት ሲኒ ለሚይዝ ጨጓራ ይህ ቀን ከሌት ቢበላም የሚገፋ አይደለም። የነፍስ አባቴን ቤት ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ የታመመ ሰው አይገደድም፤ ወተቱን እንደ መድኃኒት ጠጪው፤ ስትጠነክሪ ደግሞ እንነጋገራለን» አሉኝ። ዛሬ ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ ረጃጅሞቹን አጽዋማት ግን እየተማከርን ነው። ብዙ ሴቶች ይህን ለመጠየቅ አፍረው በዝምታ ሲጾሙ፣ ጡንቻቸው ሟሽሾ ደረጃ መውጣት እንደሚያቅታቸው አንባቢ ቢያውቀው መልካም ነው።

ሁለተኛው ፈተና ፍቅር ነው። ሕክምናውን ለዘመድ ሁሉ አልተናገርኩም ነበር፤ «ገንዘብ ተርፏት ሆዷን አስቆረጠች» መባሉን ፈርቼ። በሦስተኛው ወር በወር በገባ በ21 በምንሰበሰብበት የማርያም ማኅበር ላይ አክስቴ ዶሮውን በእንጀራ ጠቅልላ፣ እጇን እስከ አፌ ዘርግታ፣ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ! አፈር ስሆን!» አለችኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ጎረስኩት። ጉርሻው ከደረቴ መሃል እንደ ድንጋይ ተቀመጠ፤ አይወርድም፣ አይወጣም። ዐይኔ እንባ አቅርሮ፣ አፌ አረፋ የመሰለ ምራቅ ሞልቶ፣ ከማኅበሩ ቤት ጓሮ ጎንበስ ብዬ እስኪወጣልኝ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። እንጀራና ትኩስ ዳቦ ሲታኘኩ ሊጥ ስለሚሆኑ፣ ከቀጠነው ጨጓራ መግቢያ ላይ ከሚያስቸግሩት ምግቦች ዋነኞቹ ናቸው። በማግስቱ አክስቴን አስጠርቼ ነገርኳት፤ ከዚያ ወዲህ በየድግሱ ከጎኔ ተቀምጣ ጉርሻ ይዞ የሚመጣውን የምትመልስልኝ እሷ ሆናለች።

ምስጢሩ ሌላም ጣጣ ነበረው። በእኛ ዘንድ የወፈረ ሰው ተመቸው ይባላል፤ የከሳ ደግሞ ምን ነካው ይባላል። በስድስት ወር ውስጥ 26 ኪሎ ስቀንስ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የማይታማ በሽታ አልቀረብኝም። አንዲት ጎረቤቴ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል እንድገባ በእንባ ለመነችኝ። በዚያው ሰሞን ፀጉሬ መርገፍ ጀመረ፤ ጠዋት ነጠላዬ ላይ እፍኝ የሚሞላ አገኝ ነበር፤ ይህ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከወራት በኋላ የሚያቆም መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔም ራሴ ሐሜቱን ወደ ማመን ተቃርቤ ነበር።

ቀጥሎ የምጽፈው የራሴ ጥፋት ነው። በሁለተኛው ዓመት ደህና ነኝ ብዬ ቫይታሚኖቼን ተውኩ። ጥቂት ቆይቶ የእግሬ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሰው ስብ ሲቀንስ ብርድ ደግሞ ይበረታበታልና፣ ብርድ ነው ብዬ ድርብ ካልሲ አጠለቅሁ፣ ማታም በመንዝ ባና ተጠቀለልኩ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ መድከም ሲጀምረኝ ነው በከተማችን ወደሚሠራ አንድ ወጣት ሐኪም የሄድኩት። የደሜን ናሙና አዲስ አበባ ልኮ ቫይታሚን ቢ 12ም ብረትም እንዳነሰኝ ደረሰበት። ሁለቱም ወደ ደም እንዲገቡ ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ ይረዳል፤ ለቢ 12ቱ ደግሞ ከዚያው ከጨጓራ የሚወጣ ሌላ ንጥረ ነገርም የግድ ነው። አብዛኛው ጨጓራ ከወጣ ይህ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ጉድለት ነው። በመርፌ ተስተካከለልኝ፤ ጣቶቼ ግን እስኪመለሱ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ብረቱን ከቡና አርቄ መውሰድ እንዳለብኝም ያኔ ነው የተማርኩት፤ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብሎ ለሚጠጣ ሰው ቀላል ትእዛዝ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ በድንገተኛ ሕመም ጊዜ የሚሆነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድና የግራ ትከሻ ሕመም ከታየ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይሰጥም። ማስታወክ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ደግሞ ቫይታሚን ቢ 1 ሊያልቅ ይችላል፤ ያለቀበት ሰው ዐይኑ አንዱን ሁለት ያያል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ይዘባርቃል። በየገጠሩ ክሊኒክ ለሚያስታውክ ሰው መጀመሪያ የሚሰቀለው ግሉኮስ ነው፤ እንዲህ ላለ ታካሚ ግን ቢ 1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ መስጠት ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ለወገብ ሕመም የሚወጋው ዳይክሎፌናክና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገዛው ኢቡፕሮፌንም ጨጓራን ሊያቆስሉ ስለሚችሉ፣ በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው የተከለከሉ ናቸው። አረቄያችንም ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ድሮ ሦስት መለኪያ የሚችል ሰው በአንዱ ይወድቃል። ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ የመጣች ታካሚ እነዚህን ሁሉ ለጤና ጣቢያው ባለሙያ በቃሏ ታስረዳለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አዲስ አበባ ከእኛ ከተማ እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከእነሱ ደግሞ እጅግ ይርቃል።

ስለዚህ ሕክምናውን የሚሰጡ ተቋማት ሁሉ ታካሚያቸውን ሲያሰናብቱ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ የእኛን ምግብና ጾም የሚያውቅ አንድ ወረቀት፣ እንዲሁም የተደረገውን የቀዶ ሕክምና ዓይነትና የተከለከሉትን መድኃኒቶች የያዘ በቦርሳ የሚያዝ ካርድ እንዲሰጡ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ዓመት በሦስት፣ በስድስትና በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ የሚደረገውን የደም ምርመራ በአቅራቢያችን ያሉ ሐኪሞች እንዲያዙት ደብዳቤ ቢጻፍላቸው ደግሞ የመንገዱ ድካም ይቀርልናል።

እኔ ዛሬ 84 ኪሎ ነኝ፤ 80 ደርሼ አራቱ ተመልሰውብኛል፤ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ አስተምራለሁ። ከእናቴ ጋር የተረጎምነውን ወረቀት እያረምን እያከልን አራት ገጽ አድርሰነዋል፤ ከማእድ ቤቱ በር ጀርባ ተለጥፏል፣ ጥጉም ዘይት ጠጥቷል። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ። ሐኪም አይቶ የተሳሳተውን ካረመው በኋላ ብታትሙልኝ ደስ ይለኛል።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን