የሾክ ሥራ ለምን ግማሽ ቀን እንደሚወስድ

ሐዋሳ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ

ጉዳዩ፦ ሞተራችሁን ለሾክ (ጉድጓድ ሲመታ ንዝረቱን ለሚያበርደው ሞላና ዘይት) ሥራ ስታመጡ ጭነታችሁንም ይዛችሁ እንድትመጡ ስለመጠየቅ

ካለፈው ወር ጀምሮ «ሞላው ላልቷል፣ አጠንክሩልኝ» ብላችሁ ስትመጡ ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት ሞተሩ ላይ እንድትቀመጡ እንጠይቃችኋለን። አንዳንዶቻችሁ ስቃችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ሥራ አስፈታችሁኝ» ብላችሁ ተቆጥታችኋል። ቀድሞ በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው አሁን ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ቅሬታችሁ ይገባናል። ስለዚህ ምክንያቱን በጽሑፍ ልንነግራችሁ ወደድን።

ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ማን እንደሚነዳው አይታወቅም። 58 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ብቻውን ከፒያሳ አሞራ ገደል ይመላለስበታል፤ ሌላው በዚያው ዓይነት ሞተር ከአለታ ወንዶ ገጠር አንድ ሰውና ግማሽ ኩንታል ቡና ጭኖ ይወጣል። ለአንዱ የተመቸው ሞላ ሌላውን ወገቡን ይሰብረዋል።

አለካካችን ቀላል ነው። የኋላ ጎማው መሬት ሳይነካ ሞተሩን እናነሳና ከጎማው መሐል እስከ ኮርቻው ሥር ያለውን እንለካለን፤ 480 ሚሊ ነው እንበል። ከዚያ እንደ ልማዳችሁ ከነጭነታችሁ ተቀምጣችሁ እንደገና እንለካለን። 445 ከሆነ 35 ሚሊ ወርዷል ማለት ነው። ጎማው ከሾኩ ጋር በጠቅላላው 105 ሚሊ ያህል የሚሄድ ከሆነ ሲሶው ነውና ደህና ነው። ከዚያ በብዙ ከወረደ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሾኩ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ይጋጫል። ምንም ካልወረደ ደግሞ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ የሚወርድበት ቦታ አይኖረውም፤ ከመሬት እየተነሳ ይዘላል።

በየቀኑ የሚነሳውን ክርክር እዚህ እንጨርሰው። የኋላ ሾክ ላይ ያለው ባለ 5 ደረጃ ቀለበት ሞላውን አያጠነክርም። ሞላው ያው ሞላ ነው፤ ቀለበቱ ኮርቻውን ከፍ፣ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ብቻውን ለሚነዳ ሰው 1ኛው ወይም 2ኛው ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ሰውና ጭነት ካለ 4ኛውን እንሞክራለን፤ ግራና ቀኙ ግን ምንጊዜም እኩል መሆን አለባቸው። 5ኛው ላይም ሆኖ ከሰመጠ ወይ ሞላው ደክሟል ወይ ጭነቱ በዝቷል። ባለፈው ሰሞን አንድ ቡና አመላላሽ ደንበኛችን «መሪው ይንቀጠቀጣል» ብሎ መጣ፤ የፊት ጎማ ለመቀየርም ተዘጋጅቶ ነበር። ቀለበቱ 1ኛው ላይ ነው! ከኋላ ሁለት ጆንያ ሲጭን ኋላው ይሰምጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የፊት ጎማው መሬት መያዝ ያቅተዋል። ማታ ደግሞ መብራቱ ሰማይ ሰማይ እያየ የመጪውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ቀለበቱን አነሳንለት፤ ጎማው እስካሁን ያው ነው።

የኋላው ከፍታ ሲቀየር የካቴናው ውጥረትም ስለሚቀየር እሱንም ሳናይ አንለቃችሁም።

የፊት ሾኩ ይበልጥ ያሳስበናል። አብዛኛው የምትነዱት ሞተር ፊቱ ላይ ማስተካከያ የለውም፤ ማስተካከያው ውስጡ ያለው ዘይት ነው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተጨመቀ ሲያልፍ ሞላውን ያረጋጋዋል፤ ሲያረጅ ይቀጥናል፣ ሞተሩም ፍሬን ስትይዙ አፍንጫውን ይደፋል። ያረጀውን ስናፈስ ግራጫ ሆኖ እንደ ሰነበተ ዓሣ ይሸታል፤ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣ ነው ብለን የቀለድንበት ቀን ብዙ ነው። በእኛ አቧራ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት እንላለን።

ወፍራም የኢንጂን ዘይት ጨምሩልኝ የምትሉን አላችሁ። አናደርገውም። ወፍራም ዘይት በቀዳዳው ቶሎ አያልፍም፤ ጎማው ከአንዱ እብጠት ወርዶ ሳይመለስ ሌላው ይመታዋል፣ ሾኩ እየተጨመቀ፣ እየተጨመቀ ይሄድና በኮብልስቶን ላይ ክንዳችሁን ያደነዝዘዋል። ዘይት አብዝቶ መሙላትም እንዲሁ ነው፤ ከላይ የሚቀረው አየር ራሱ እንደ ሞላ ስለሚሠራ ቦታ ሲጠበው ዘይቱን አፍኖ የሚይዘውን ጎሚኒ ገፍቶ ያወጣዋል። ሞላ ውስጥ ሮንዴላ መደርደሩንም ትተነዋል፤ ቀድሞ እኛም እናደርገው ነበር፣ አንክድም።

ክረምቱ እየገባ ስለሆነ አንድ ነገር ቤታችሁ አድርጉልን። ከጭቃ ስትመለሱ የሚያብረቀርቀውን የፊት ቱቦ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ የውኃ ግፊቱን ግን በቀጥታ ጎሚኒው ላይ አትልቀቁበት። የደረቀ ጭቃና የዝገት ነጠብጣብ ጎሚኒውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ቱቦው ላይ የዘይት ቀለበት ካያችሁ ቶሎ ኑ፤ ያ ዘይት ወርዶ የፍሬን ዲስኩን ከነካ ፍሬኑ አይዝም።

የሾክ ሥራ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት እንቀበላለን። ስትመጡ ጎማችሁን መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ አስለኩት፤ ከመጡት ውስጥ ችግሩ ሾክ ሳይሆን ንፋስ የሆነባቸው ጥቂት አይደሉም። አዘውትራችሁ ሰው የምትጭኑ ከሆነ ሰውየውን፣ ጆንያ ከሆነ ጆንያውን ይዛችሁ ኑ። ጆንያው ከሌለ እኛ ጋ አሸዋ የሞላ ባለ 50 ኪሎ አለ። የእጅ ዋጋው ግን ያው የቀድሞው ነው።

ከሰላምታ ጋር
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች