ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፦ ስለ ማክሰኞና ሐሙስ የሃያ ደቂቃ የወፍ ቆጠራ

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ፈተና ኅዳር 8 ይጀምራል። የደንብ ልብስ ያልወሰዳችሁ እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ ከግምጃ ቤት ውሰዱ። የታችኛው በር የውሃ ቧንቧ ተጠግኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቢሮዬ የመጣው ወላጅ አብዛኛው የመጣው በአንድ ነገር ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሜዳ ላይ ቆመው ለሃያ ደቂቃ ሰማይ ያያሉ። የሚያልፉትን ንስሮችና ጭልፊቶች ይቆጥራሉ፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ወደ ክፍል ይመለሳሉ። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ግን «ትምህርት ቆሞ አሞራ ቆጠራ ተጀመረ» ተብሎ ተጻፈ። 17 ወላጆች የፈረሙበት ደብዳቤም ደርሶኛል። አክብሬ ነው የተቀበልኩት፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለእያንዳንዳችሁ በር ላይ ቆሜ ከምመልስ፣ ለሁላችሁም በጽሑፍ ልመልስ።

መጀመሪያ ልጆቹ የሚያዩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቅሬታ ካቀረቡት ብዙዎቹ ይህን አልጠየቁኝምና።

በካዛክስታን፣ በሩሲያና በሞንጎሊያ ሰፋፊ ሜዳዎች የሚራቡ ንስሮች አሉ። የስቴፕ ንስር ይባላሉ። ክንፋቸው ሲዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። የአገራቸው ብርድ ሲገባ ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ ትልቅ ወፍ ክንፉን እያራገበ ሩቅ መንገድ ልሂድ ቢል ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ይጠብቃል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲነሳ ክንፉን ዘርግቶ በዚያ አየር ላይ እየዞረ ይወጣል። ከፍ ካለ በኋላ ወደሚቀጥለው ሞቃት አየር ይንሸራተታል። ባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ አየር እንደልብ አይገኝም። ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚሻገሩት ባሕሩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በሚሆንበት በባብ ኤል ማንደብ በኩል የሆነው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በመፀው ወራት እዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች መዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ76 ሺህ በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ከጅቡቲ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የኛ አገር ነው።

ይህ የሚሆነው በጥቅምትና በኅዳር፣ ልጆቻችሁ ሜዳ ላይ ብስኩት በሚበሉበት ሰዓት፣ ከራሳቸው በላይ ነው። እኔ በዚህ ግቢ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀና ብዬ ያየሁት ግን አምና ነው፤ አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ እጄን ይዛ «ዳይሬክተር፣ እነዚያ ለምን አያራግቡም?» ስትለኝ። መልስ አልነበረኝም። የሳይንስ መምህሩን ጠራሁት። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቹ።

«ልጆቻችንን ከለሚ ኩራ በታክሲ የምንልከው አሞራ እንዲያዩ ነው ወይ?» ያላችሁ አላችሁ። ከፒያሳ ሰፈር ተነስታችሁ ልጆቻችሁን ግን ከዚህ ትምህርት ቤት ያላስወጣችሁ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታችሁ ሰልፍ እንደምትይዙም አውቃለሁ። ይህን ድካም ንቄ አይደለም። ነገር ግን ሰዓቱን አብረን እንቁጠረው። የረፋድ ዕረፍት 15 ደቂቃ ነው። ቆጠራው 20 ደቂቃ ነው። ከትምህርት የተወሰደው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። እሱንም በእነዚህ ሁለት ቀናት የጠዋት ሰልፍ ላይ የምናነበውን ማስታወቂያ አሳጥረን መልሰነዋል። አንድም ክፍለ ጊዜ አልታጠፈም። አንድም መምህር ከክፍል አልቀረም።

«8ኛ ክፍሎች ሚኒስትሪ አለባቸው፣ 6ኛ ክፍሎችም ይፈተናሉ» ብላችኋል። ልክ ናችሁ። ቆጠራው ግን በኅዳር መጨረሻ ያልቃል፤ ወፎቹም አልፈው ይሄዳሉ። ደግሞስ ልጆቹ እዚያ ቆመው የሚማሩት ምንድን ነው? ሞቃት አየር ለምን ወደ ላይ እንደሚወጣ መጽሐፉ ላይ አለ። ዓምና በፈተና ላይ ሲጠየቅ ግማሹ ክፍል በቃሉ የሸመደደውን ጽፎ ነበር። ዘንድሮ ይህንኑ ለመምህሩ የሚያስረዱት እጃቸውን እንደ ንስሩ እያዞሩ ነው። ካዛክስታንን ካርታ ላይ ሳይፈልጉ የሚጠቁሙ የ5ኛ ክፍል ልጆች አሉን። መንጋ ሲመጣ አሥሩን ቆጥሮ ያንን መጠን በዓይን እያባዙ መገመትንም ተምረዋል። ይህ ሒሳብ ካልሆነ ምን ይባላል?

«ከትምህርት በኋላ ለምን አይሆንም?» ይህንን ጥያቄ ስምንት ሰው ጠይቆኛል፤ ስምንት ጊዜ መልሻለሁ፤ እደግመዋለሁ። ንስሮቹ ሌሊቱን ዛፍ ላይ ያድራሉ። ረፋድ ላይ አየሩ ሲሞቅ ይነሳሉ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ገና ዝቅ ብለው ነው የሚዞሩት፤ ክንፋቸው ሥር ያለው ቀለም ሳይቀር ይታያል። ከሰዓት በኋላ ከፍ ብለው ነጥብ ይሆናሉ። በዚያ ላይ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ አለ። ልጅ ዘግይቶ ቤት ቢገባ ደግሞ የምትጠይቁት እኔን ነው፤ መጠየቅም አለባችሁ።

«ፀሐይ እያዩ ዓይናቸው ይጎዳል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ለዚህ ነው ልጆቹ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ፣ ጀርባቸውን ወደ ፀሐይ አድርገው የሚቆሙት። ወደ ፀሐይ የዞረ ልጅ በዚያ ቀን አይቆጥርም። ኮፍያ ይዘው ይምጡ።

«ቢኖኩላሩ በኛ ክፍያ ነው የተገዛው» ተብሏል። አይደለም። ሁለት ቢኖኩላሮች አሉን። ሁለቱም ከዚሁ ትምህርት ቤት የተመረቀ ልጅ የሰጠን ናቸው። ከክፍያችሁ ለዚህ ሥራ አንድ ብር አልወጣም። ደረሰኝና መዝገብ ማየት የሚፈልግ ቢሮዬ ክፍት ነው።

ሰኞ ዕለት ስለሆነው ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። አንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪ ዳቦ በእንቁላል እየበላች ሳለ ጭላት ወርዳ ከእጇ ነጠቀቻት። ልጅቷ ጣቷ ላይ ትንሽ ተቧጭራለች፤ ክሊኒክ ተወስዳ ታክማለች፣ ደኅና ናት። እናቷን ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ጥፋቱ የኛ ነው። የቆሻሻ ገንዳው ክዳን አልነበረውም፤ የምግብ ትራፊ ያገኘ ወፍ ደግሞ ይመለሳል። ክዳን ተሠርቷል፤ ትንንሾቹም ከአሁን በኋላ ዳሱ ሥር ይበላሉ። ነገር ግን «ልጆቹ አሞራ ስላስለመዱ ነው» መባሉ ትክክል አይደለም። ነጣቂዋ ጭላት በቄራ ዙሪያ፣ በየሥጋ ቤቱ ጣራ ላይ የምናያት ናት። ጭራዋ መሐሉ ላይ የተከፈለ ነው። የሚያልፈው ንስር ጭራው አልተከፈለም፣ የክንፉ ጫፍ እንደ ጣት ይዘረጋል፣ እንቁላልም ዳቦም አይፈልግም። ይህን ልዩነት ከእኛ ይልቅ ልጆቻችሁ ያውቁታል። ማታ ጠይቋቸው።

አንድ አባት ደግሞ በትህትና፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ «አሞራ የሞት ምልክት ነው፤ ልጆች ያንን ባያዩ» ብለውኛል። አባቴ፣ አከብርዎታለሁ። እኔም ቤታችን ጣራ ላይ አሞራ ሲያርፍ እናቴ ስታማትብ አይቼ ነው ያደግኩት። ግን ሁላችንም መስከረም ሲጠባ የመስቀል ወፍ መጣች ብለን ሜዳ ለሜዳ ሮጠናል። ማንም ጊዜ አባከናችሁ አላለንም። የመስቀል ወፍ እንኳ ከሩቅ አገር የምትመጣ አይደለችም። እዚሁ ናት። ወንዱ በበጋው ወራት እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ ይቆይና ዝናቡ ሲመጣ ያሸበረቀ ላባ ያወጣል። ከሩቅ አገር የሚመጣው ይህ ንስር ነው። ወደኛ አገር የሚመጣ እንግዳ ደግሞ በር ላይ አይመለስም።

ሌላም የማልፈው ነገር አለ። ከአምና በፊት በየዓመቱ ከልጆች ኪስ ወንጭፍ እንሰበስብ ነበር። መሳቢያዬ ሞልቶ ነበር። ዘንድሮ እስከዛሬ አንድም አልመጣልኝም። የተከለከለው አምናም ካቻምናም ነው፤ የተለወጠው ልጆቹ ወፉን በስሙ ማወቃቸው ነው። የስቴፕ ንስር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ወፎች ተርታ ተመዝግቧል። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምሰሶው ላይ ለምን መቀመጫ አይሠሩለትም?» አለ። መምህሩ መልሶ ጠየቀው። ልጁ ሦስት ገጽ ሥዕል ይዞ መጣ። ይህ ልጅ ከዚህ በፊት የቤት ሥራ ሠርቶ ሲመጣ አይቼው አላውቅም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ አብሬያቸው ወጥቼ ነበር። 11 ንስሮች በእንጦጦ በኩል መጥተው ልክ ከግቢያችን በላይ መዞር ጀመሩ። ከመካከላቸው ሦስቱ ክንፋቸው ሥር ሰፊ ነጭ መስመር ነበራቸው። ልጆቹ በሹክሹክታ «የዘንድሮ ናቸው፣ የዘንድሮ ናቸው» ይባባላሉ። ነጩ መስመር የወጣት ንስር ምልክት ነው፤ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በረው መጥተዋል። መቶ ሃምሳ ልጅ ሜዳ ላይ ቆሞ ድምፅ የለም። በዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ በፈተና ቀን እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ ደቡብ ተንሸራትተው ሄዱ። ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹም ክፍል ገቡ።

ልጁ እንዲወጣ የማይፈልግ ወላጅ ካለ በጽሑፍ ያሳውቀን። ልጁ በእነዚህ ደቂቃዎች ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ አንድም ቅር አልሰኝም። ቆጠራውን ግን አላቆምም። እስከ ኅዳር 30 ይቀጥላል።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሚቀጥለው ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፣ በዋናው በር ግቡ። ጥበቃዎቹ ያውቃሉ። 4 ሰዓት ከ20 ላይ ሜዳው ጋ እንገናኝ። ደመና ከሆነ ወፎቹ ላይነሱ ይችላሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25 እንደግመዋለን። ኮፍያ አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር