ይድረስ ናይሮቢ ላለኸው ወንድሜ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከረምክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳንጠያየቅ ዓመታት ነጎዱ፤ አንተን ሥራ፣ እኔን የልጆች ነገር ያዘን። ሰሞኑን እህትህን እዚህ ሐዋሳ ፒያሳ አግኝቻት ስለ አንተ ብዙ አወጋን። ባልደረቦችህ "ኬንያ በኢኮኖሚ ኢትዮጵያን በለጠች" እያሉ እንደሚያበሽቁህ ነገረችኝ። ሆዴ አልችል አለና ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ወሬው ከሜዳ አልመጣም። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ እጽፍልሃለሁ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) በሚያዝያ 2025 ባወጣው ግምት የዓመቱ የኬንያ ጠቅላላ ምርት 132 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ የእኛ 117 ቢሊዮን ገደማ ነው። በ2023 ግን እኛ ከ160 ቢሊዮን አልፈን ነበር፤ እነሱ 108 አካባቢ ነበሩ። ታዲያ ያ ሁሉ ምርት የት ገባ? የትም። በ2024፣ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብር በገበያ እንዲተመን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ምርት የሚቆጠረው በብር ነው። ወደ ዶላር የሚመነዘረው ከሌላው ጋር ለማወዳደር ነው። የብር ዋጋ በዶላር ሲወርድ ድምሩም አብሮ ወረደ።

የሐይቁን ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን አስታውስ። ያን ሰሞንም ጀልባዎቹ በጠዋት ይገቡ ነበር። ልጆቹ ቆሮሶ ዓሣውን እየፋቁ ይዘለዝላሉ፣ አሞራዎቹ ከጎናቸው ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ዓሣው አልቀነሰም። የብር ዋጋው ባለበት ቢቆይ ግን ያው ዓሣ በዶላር ሲሰላ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ምንም አልሆንንም እያልኩህ አይደለም። የባጃጅ መለዋወጫው፣ መድኃኒቱ፣ ዘይቱ ጨምሯል። በደመወዝ የሚኖረው ሰው ተጎድቷል፣ ይህ እውነተኛ ሕመም ነው። አገሪቱ ያመረተችው በአንድ ወር ተናደ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እነሱም ተቃራኒውን አይተዋል። በመስከረም 2014 የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታቸው የሒሳቡን መነሻ ዓመት ከ2001 ወደ 2009 ሲያሻግር፣ ኢኮኖሚያቸው በ25 በመቶ ገደማ ተልቆ ተገኘ። አሮጌው ስሌት በቅጡ የማይዘው ብዙ ሥራ ነበራ! በዚያ ወር ግን የሻይ እርሻቸው ባለበት ኬሪቾ ላይ ከወትሮው የበለጠ ሻይ ስለተለቀመ አይደለም።

ስለዚህ የሁለቱን አገር ጉዞ ማየት ከፈለግክ፣ የዋጋ ንረት ተቀንሶለት በቋሚ ዋጋ የተሰላውን ዕድገት ተመልከት። ከ2004 በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት በመንግሥት ቁጥር እኛ በዓመት 10 በመቶ ገደማ አደግን፤ እነሱ 5 አካባቢ። በመግዛት አቅም፣ ማለትም ገንዘቡ እዚያው አገር ውስጥ በሚገዛው ዕቃ ልክ ሲሰላ ደግሞ ዛሬም ጥቅሉ የእኛ ይበልጣል።

እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። እኛ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን፣ እነሱ 55 ሚሊዮን ገደማ። በዚያው "በበለጥንበት" 2023 እንኳ ምርቱ ለሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ኢትዮጵያዊ 1,300 ዶላር አይሞላም። ለአንድ ኬንያዊ 2,000 ሊጠጋ ነው። ያኔ በጥቅሉ ቁጥር ደረታችንን ስንነፋ ይህን ማን አነሳው? ልጆቼ የሚያድጉት በዚህኛው ቁጥር ውስጥ ነው።

ባልደረቦችህ ሲያበሽቁህ ስለ ጥቅሉ አትከራከር። ይልቅ አስረዱኝ በላቸው። በስልክ ገንዘብ መላኪያው ኤምፔሳ የተጀመረው በ2007 ነው፣ የእኛ ቴሌብር በ2021። በመሃል 14 ዓመት አለ። በ2012 ደግሞ በኤምሽዋሪ በስልክ ብድር መውሰድ ጀመሩ። እዚህ የማውቃቸው ጉልት ቸርቻሪዎች ዛሬም ብድር ሲፈልጉ ዕቁብ ወይም ዘመድ ነው የሚያስቡት። እዚያ አንዲት አትክልት ሻጭ ስንት ትበደራለች? ወለዱ አይከብዳትም? ዕዳው ያጎበጣቸው የሉም? ከሰፈርህ ጠይቀህ ጻፍልኝ፣ የምሬን ነው። ለእህትህም ደውልላት፣ ናፍቃሃለች።

ወንድምህ
ሐዋሳ